ሦስት ጨቅላ ለአንዲት ሞግዚት

ከዋሽንግተን ከተማ በስተሰሜን፣ የሜሪላንድ ግዛት በሚጀምርበት ወሰን ላይ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጎሕ ሳይቀድ መንገዱን የሚሞላው ሕዝብ ከወዴት እንደ መጣ ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ባቡር ጣቢያው ወርዶ ጆሮውን ጣል ቢያደርግ ይበቃዋል፤ ከአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ የምትመለሰው አስታማሚ፣ ወደ አየር ማረፊያ የምትጣደፈው ሠራተኛ፣ የመኪና ማቆሚያ ሊከፍት የሚሄደው ጎልማሳ፣ ከነዚህ መካከል በስልክ ሲነጋገሩ አማርኛ የሚሰማባቸው ጥቂቶች አይደሉምና። ከነዚህም ብዙዎቹ የልጆች ወላጆች ናቸው። በአገር ቤት ቢሆን ሕፃኑን ተቀብላ የምታሳድገው አያት ግን ወይ በደሴ ወይ በጎንደር ቀርታለች፣ ወይም በእንግድነት ቪዛ መጥታ፣ ልጁ መዳህ ሲጀምር የመመለሻዋ ቀን ደርሶባታል።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ረገድ ለእናት ያለው ርኅራኄ ስስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ የወለደች ሴት ከሥራዋ ሳትሰናበት 12 ሳምንት እንድታርፍ ይፈቅድላታል እንጂ በእነዚያ ሳምንታት ደመወዝ እንዲከፈላት አያስገድድም፤ ከ50 ሰው በታች በሚሠራበት ድርጅት ለምትሠራው ደግሞ ይህም እንኳ አይደርሳትም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ስለ ሆነ፣ 12ቱ ሳምንት የሚያልቀው የጥምቀቱ ድግስ ዕቃ ታጥቦ ሳይከደን፣ በአራተኛው ቀን ነው ማለት ነው። በአምስተኛው ቀን እናቲቱ ሥራ ገብታ መታየት አለባት።

ባለቤቴ ኑሮዋን የመሠረተችው በዚህ በአምስተኛው ቀን ላይ ነው። በቤታችን የምድር ክፍል የሌሎችን ልጆች ስታውል ዓመታት አልፈዋል፤ የግዛቲቱም የትምህርት መሥሪያ ቤት መዝግቧት፣ የእሳት አደጋ መርማሪ ቤቱን አይቶላት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርቷን በየጊዜው እያሳደሰች ትሠራለች። ይህ ሥራ በውጭ ለሚያየው ሰው የርኅራኄና የትዕግሥት ሥራ ብቻ ይመስለዋል፤ በውስጡ ላለ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የቁጥር ሥራ ነው። በሜሪላንድ ደንብ በመኖሪያ ቤቷ በተለመደው ምዝገባ ሕፃናት የምታውል ሴት ከ8 በላይ ልትቀበል አይፈቀድላትም፤ ብቻዋን ከሆነችም ከ2 ዓመት በታች የሆኑት ከሁለት መብለጥ የለባቸውም፤ የገዛ ልጆቿ እንኳ 6 ዓመት ካልሞላቸው ከቁጥሩ ይገባሉ። ወለሉም ቢሆን በሜትር ገመድ ተለክቶ፣ ቁም ሣጥኑና መታጠቢያ ቤቱ ተቀንሶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 35 ካሬ ጫማ መድረሱ ይረጋገጣል።

የጨቅሎቹ አልጋ ብቻውን ታሪክ አለው። ፍራሹ ጠንካራ፣ አንሶላው ተወጥሮ የታሰረ ነው፤ ትራስ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ፣ አሻንጉሊት የለ፤ ሕፃኑ በጀርባው ተንጋሎ በባዶ አልጋ ላይ ይተኛል፤ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናትን ለማትረፍ የተደነገገ ሥርዓት ነውና የሚያወላዳ አይደለም። የአንዱ ሕፃን አያት ከአገር ቤት በመጡ ጊዜ ይህን አይተው፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሊያለብሱት ሲሉ ባለቤቴ እጃቸውን በትሕትና ብትይዛቸው፣ «ልጄ፣ ይህን የእግዜር ፍጡር እንዲህ አጋድማችሁ በብርድ ልትገድሉት ነው?» ብለው እንባቸው መጣ። እርሷም ወንበር አቅርባላቸው ሕፃኑ እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ አስቀመጠቻቸው፤ ደንቡ አያት አልጋው አጠገብ አትቀመጥ አይልም።

ከሁለቱ ጨቅሎች ቦታ የተነሣ ነበር ወደ ሰፊ መዋያ የመሸጋገሩ አሳብ የተወለደው። ስልክ የሚደውሉት እናቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጠይቁት ገና ላልዳኸ ሕፃን ቦታ ሲሆን፣ ያ ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ የተያዘ ነው። ባለቤቴ የሚደውሉላትን ሁሉ በአንድ ተራ ደብተር ላይ ትመዘግብ ነበር፦ የደወለችበትን ቀን፣ የሕፃኑን የልደት ቀን፣ ሥራ የምትገባበትን ሰዓት፣ የምትኖርበትን ሰፈር። ይህን ያደረገችው ቦታ ሲገኝ ልትጠራቸው ብላ እንጂ ደብተሩ አንድ ቀን በአበዳሪ ፊት ለምስክርነት እንደሚቆም አስባ አልነበረም።

ቤት ተከራይቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ፈቃድ ተቀብሎ የሚከፈት መዋያ ሌላ ሕግ አለው፤ የሕጉም እምብርት ይህች ናት፦ ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ 3 ሕፃናት አንድ ሞግዚት፣ ለ2 ዓመት ልጆች 6 ለአንድ፣ ለ3ና ለ4 ዓመት ልጆች 10 ለአንድ። የጨቅሎቹ ክፍል ከ6 በላይ መያዝ አይችልም። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በአንድ የዋርካ ጥላ ሥር፣ አንድ የኔታ አርባውንም ሃምሳውንም ልጅ በአንዲት አለንጋና በጥቂት ዳዊት ደጋሚ ተማሪዎች ረዳትነት ሲገዙ አይቼ ስለ ሆነ፣ ይህን ደንብ መጀመሪያ ሳነበው እንደ ቅምጥልነት ቆጥሬው ነበር፤ ነገር ግን የኔታ ዘንድ የሚመጣው ልጅ በእግሩ የሚሄድ፣ ደወል ሲደወል የሚሰማ ነው፤ ዕድሜው ሦስት ወር የሆነ ፍጥረት በእሳት ጊዜ በክንድ ተይዞ እንጂ በራሱ አይወጣም፤ አንዲት ሴትም ሁለት ክንድ ብቻ ነው ያላት።

ሕጉ ትክክል ነው። ሒሳቡ ግን ጨካኝ ነው። መዋያው ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ሆኖ 6 ጨቅሎች ሙሉ ቀን ቢውሉ፣ ሁለት ሞግዚቶች በማናቸውም ሰዓት መገኘት ስላለባቸው በሳምንት 110 የሥራ ሰዓት ይከፈላል፤ ለምሳሌ በሰዓት 18 ዶላር ብንል፣ አሠሪው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚያዋጣው 7.65 በመቶ ሲደመርበት፣ የወሩ ደመወዝ ከ9,200 ዶላር ያልፋል። ከእያንዳንዱ ሕፃን ወላጅ በወር 1,900 ዶላር ብንቀበል የ6ቱ 11,400 ይሆናል። 2,200 የማይሞላው ትራፊ ለኪራይ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለምግብ፣ ለመብራት፣ ለታመመች ሞግዚት ምትክ ለምትገባው ሁሉ ይበቃ ዘንድ ይጠበቃል። እነዚያው ሁለት ሴቶች ግን 20 የ3ና የ4 ዓመት ልጆችን በሕግ ሊይዙ ይችላሉና፣ ለአንዱ ልጅ 1,400 ዶላር ብቻ ቢከፈል እንኳ በወር 28,000 ዶላር ይገባል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ታላላቆቹ ልጆች ታናናሾቹን በጀርባቸው አዝለው ይኖራሉ፤ ባለ መዋያውም ትርፍ አገኘ የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የአሜሪካ ግምጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት የእነዚህ ቤቶች ትርፍ በአብዛኛው ከ1 በመቶ በታች እንደ ሆነ ጽፏል።

እንደዚህ ያለ ሥራ ለምን በግል ነጋዴ ትከሻ ላይ እንደ ቀረ የሚጠይቅ ሰው፣ ነገሩ እንዲህ መሆኑ የማይቀር እንዳልነበረ ቢያውቅ ደግ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሴቶች ወደ መሣሪያ ፋብሪካ በገቡ ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት ላንሃም በሚባለው ሕግ ገንዘብ ልጆቻቸውን የሚያውሉ ቤቶች ከፍቶ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ገንዘቡም አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1971 ምክር ቤቱ ለመላው አገር የሚሆን የሕፃናት መዋያ ሕግ ቢያሳልፍ ፕሬዚዳንት ኒክሰን አልፈርምም ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲህ ለድኻው ድጎማ አለ፣ ለባለጸጋው ሞግዚት አለች፤ በመካከል ያለው ወደ ባለቤቴ ስልክ ይደውላል።

አሁን ሰፊውን መዋያ ለመክፈት ወደ ጠየቅነው ብድር ልምጣ። በዚህ አገር አበዳሪ ዘንድ ያለ ጽሑፍ የሚቀርብ ሰው የለም፤ ጽሑፉም የንግድ ዕቅድ ይባላል። የእኛ ሰዎች የሚያጽፏቸውን አንዳንዶቹን የማየት ዕድል ገጥሞኛል፤ ብዙዎቹ በውዳሴ ይጀምራሉ፦ ሕፃናት የነገ አገር ተረካቢ እንደ ሆኑ፣ ባለ ዕቅዷ ከልጅነቷ ጀምሮ ልጅ እንደምትወድ፣ ለባህላችን መጠበቅ እንደምትቆረቆር። ሁሉም እውነት ነው፤ ለአበዳሪው ግን ከምስባክ በፊት እንደሚመጣ ረጅም ስብከት ይሆንበታል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተውና ስኮር የሚባለው ማኅበር፣ በጡረታ የተገለሉ ነጋዴዎችና የባንክ ሰዎች አዲስ ነጋዴን ያለ ዋጋ የሚመክሩበት ስለ ሆነ እኛም ወደ እርሱ ሄደን ነበር፤ የደረሱን መካሪ ዕድሜያቸው የገፋ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «በምትከፍቱበት የመጀመሪያው ሰኞ ስንቱ አልጋ ላይ ሕፃን አለ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ዕቅድ ሁሉ በሞላ ቤት ይጻፋልና ባለ ዕቅዶች 60 ልጅ የሚይዝ ቤት ካላቸው የ60 ልጅ ገቢ ከመጀመሪያው ወር ጀምረው ይደምራሉ፤ ሕፃናት ግን እንደ ትምህርት ቤት ተማሪ በአንድ ቀን ተሰልፈው አይመጡም፤ አንዱ በጥቅምት፣ አንዱ በጥር፣ አንዱም ከነጭርሱ ወላጆቹ ወደ ቨርጂኒያ ተዛውረው ሳይመጣ ይቀራል፤ ሞግዚቶቹ ግን ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደመወዝ ይቀበላሉ። ሽማግሌው በእርሳስ የወራቱን ስም በየዓምዱ ጻፉ፤ ባለቤቴ ደብተሯን እየገለጠች በየወሩ ሥር የሚመጡትን ሕፃናት በልደታቸው እየቆጠረች አስገባች፤ ያን ጊዜ ቤቱ እስኪሞላ ድረስ ከኪስ የሚከፈለው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ ከወረቀቱ ግርጌ በግልጥ ታየ። ብድር የሚያስፈልገውም ለአልጋውና ለአጥሩ ብቻ ሳይሆን በዋናነት ለእነዚያ ወራት ነበር። ብዙ መዋያዎች የሚዘጉት ልጅ አጥተው ሳይሆን ልጆቹ እስኪመጡ ድረስ ደመወዝ የሚከፍሉበት አጥተው ነው።

ዕቅዱን መጀመሪያ የሰጠነው ዓመታት ሙሉ ገንዘባችንን ለምናስቀምጥበት ትልቅ ባንክ ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ሌላውም ቢሆን ከዚህ የተለየ መልስ አይሰጥ ይሆናል። የጠየቁን የሦስት ዓመት የታክስ ወረቀት፣ የሀብትና የዕዳ መግለጫ፣ መያዣ የሚሆን ንብረት ነበር። ባለቤቴ አዲስ አበባ ከአባቷ የወረሰችው ቤት እንዳለ ብትናገር፣ በሌላ አገር ያለ ቤት መያዣ አይሆንም አሉ፤ በመኪና ስንመለስ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ሳቀች። ብድሩ ግን ተከለከለ፤ ምክንያት ተብሎ በደብዳቤ የተገለጸውም የሥራው የተጣራ ገቢ ለዕዳው ክፍያ አለመብቃቱ ነው። ብዙዎቹ አበዳሪዎች ለሚከፈለው እያንዳንዱ 1 ዶላር ዕዳ፣ ከወጪ ሁሉ በኋላ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ያህል ገቢ ማየት ይሻሉ።

በዚህ ቦታ ላይ በእኛ ማኅበረሰብ በይፋ የማይነገር አንድ ነገር መናገር ግድ ይለኛል። በመኖሪያ ቤቱ ሕፃናት የሚያውል ሰው የቤቱን ኪራይ ወይም ወለድ፣ መብራቱን፣ ውኃውን፣ በሥራው ሰዓትና ስፋት ልክ በሕግ ከገቢው ይቀንሳል፤ ይህ ተገቢ ነው፤ የቤቱ የእርጅና ተቀናሽም በወረቀት ብቻ የሚወጣ ገንዘብ ስለ ሆነ አስተዋይ አበዳሪ መልሶ ይደምረዋል። ነገር ግን ከዚህ አልፎ፣ በእጅ የተቀበሉትን ጥሬ ገንዘብ ከናካቴው ሳይጽፉ መቅረትን እንደ ብልኅነት የሚቆጥሩ፣ ለሌላውም የሚመክሩ ወገኖች አሉ። እነዚህ ሰዎች ለመንግሥት «ድኻ ነኝ» ብለው ፈርመው፣ ለባንክ «ባለጸጋ ነኝ፣ አበድረኝ» ብለው ይቀርባሉ። ሁለቱንም ወረቀት የሚያነበው አንድ ሰው ነው። በታክስ ያተረፉት ጥቂት ሺህ ዶላር በብድር ጊዜ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይከፈላል፤ ከዚህም በላይ ነገሩ ሕገ ወጥ ነው። ባለቤቴ የጎደለ ደረሰኝ የማትወድ ሴት ስለ ሆነች ከዚህ ነቀፋ ነፃ ናት፤ የእርሷ ገቢ ያነሰው በእውነት ስላነሰ ነው፤ ሁለቱ ጨቅላ የሆኑ 8 ልጆች ከዚያ በላይ አያስገቡም፤ ሰፊውን ቤት የፈለገችውም ለዚሁ ነበር።

ሌላው እንቆቅልሽ እቁብ ነው። ባለቤቴ ከአገሯ ልጆች ጋር ለዓመታት ዕጣ ስታወጣ፣ አንድም ወር ሳታጓድል ስትከፍል፣ የእቁቡ ዳኛ በችግር ጊዜ ዕጣ ያስቀደሙላትን ሳትክድ ኖራለች፤ ከዚህ የበለጠ የብድር ታማኝነት ምስክር ከወዴት ይመጣል? ይሁን እንጂ ከ300 እስከ 850 የሚቆጠረው የብድር ነጥብ ይህን ሁሉ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በክሬዲት ካርድና በመሳሰለው የተበሉትን ዕዳዎች ነው። ይባስ ብሎ የእቁቡ ገንዘብ በአንድ ቀን ባንክ ሲገባ «ይህ ከወዴት መጣ?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል። መፍትሔው ተገኝቷል፦ የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ የአባላቱን ቁጥር፣ የወሩን መዋጮ፣ የዕጣውን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ በፊርማቸው ሰጡ፤ የእርሷም የወር ክፍያ ከባንክ ሒሳቧ ላይ እየተለቀመ ተያያዘ። የእቁብ ዳኞች ሁሉ ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው ቢያስቀምጡ ለአባሎቻቸው ትልቅ ውለታ በሆነ ነበር።

የእኔ ፊርማ ለምን እንዳልተጠየቀ ያስገረማቸው ወዳጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕግ አበዳሪ በጾታና በጋብቻ ምክንያት እንዳያበላልጥ ከልክሏል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ሴት ለንግድ ስትበደር ባሏ ወይም ወንድሟ ወይም ልጇ እንዲፈርምላት የሚጠየቅበት ልማድ ቆይቶ፣ ፈጽሞ የተሻረው በ1988 ሌላ ሕግ ሲወጣ ነው። እኔም ስለዚህ በሚከተለው ጉባኤ ላይ ከዳር ተቀምጬ ወረቀት ከማቀበል በቀር ሥራ አልነበረኝም።

ትልልቆቹ ባንኮች የማይደርሱበትን ሥፍራ የሚሞሉ፣ ለትርፍ ያልቆሙ አነስተኛ አበዳሪዎች በዚህ አካባቢ አሉ፤ ከነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ1983 በአርሊንግተን የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ያቋቋመው ክፍል ነው። የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር በእንደነዚህ ያሉ ድርጅቶች በኩል የሚያበድረው ጥቃቅን ብድር ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው። እኛ የቀረብንበት አበዳሪ ዘንድ ወረቀታችንን የያዘችው ወጣት ከልጅነቷ እዚህ ያደገች የአገራችን ልጅ ሆና ተገኘች፤ ይህም ነገሩን አቃለለው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል፤ አማርኛ የሚያውቅ መርማሪ በአማርኛ ይመረምራልና።

«እትዬ፣» አለች ዕቅዱን ከፍታ፣ «ገቢዎን የሚሸከሙት የ3ና የ4 ዓመት ልጆች ናቸው። ዋሽንግተን ከተማ ከ2008 ሕግ ወዲህ እነዚህን ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ታስተምራለች። ሜሪላንድም በ2021 በወጣው ሕግ ወደዚያው እየሄደች ነው። መንግሥት እነዚህን ከወሰደብዎ ጨቅሎቹን በምን ያኖሯቸዋል?»

በሙሉ ዕቅዱ ላይ ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ አልነበረም። ለታላላቆቹ የተሰጠው ነፃ ትምህርት፣ መልካም ሆኖ ሳለ፣ የታናናሾቹን ማረፊያ ከሥሩ ይነቅለዋል። ባለቤቴ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያም፣ «ልጄ፣ ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው በ9 ሰዓት ነው፤ እናትየዋ ከሆስፒታል የምትወጣው በ12 ሰዓት ነው፤ ክረምቱንም ትምህርት ቤት የለም፤» አለችና ደብተሯን ወደ ወጣቷ አዙራ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የተጻፈበትን ዓምድ በጣቷ ተከትላ አሳየቻት። ቀጥላም የሜሪላንድ አዲሱ ሕግ መንግሥት ለነፃ ትምህርቱ የሚከፍለውን ገንዘብ ደረጃውን ላሟሉ የግል ቤቶችም እንዲያካፍል እንደሚፈቅድ፣ የመምህርቷን ብቃት ጨምራ ለመመዝገብ እንዳሰበች ተናገረች። ወጣቷ ደብተሩን ይዛ ተነሥታ ገጾቹን በሙሉ በፎቶ ኮፒ አባዛች። በዚያ ሁሉ ወረቀት መካከል፣ በገበያ ጥናትም በሰንጠረዥም ያልተገኘ፣ የፈላጊዎቹ ማስረጃ ያ የቡና ጠብታ ያረፈበት ደብተር ነበር።

ሌሎችም ጥያቄዎች ነበሩ፤ አንዲቱ ሞግዚት ከሽንት ቤት እስክትመለስ ጨቅሎቹን ማን ይጠብቃቸዋል፣ ጧት በሩን የሚከፍተው ማን ነው፣ ባለቤትየዋ ራሷ ብትታመምስ። ድጎማውም ተነሣ፤ ሜሪላንድ ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰቦች የምትከፍለውን የመዋያ ድጎማ አዲስ አመልካች እንዳይገባበት እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምራ ዘግታ ስለ ነበር፣ ከልጆቹ ስንቱ በድጎማ እንደሚገቡ ተለይቶ እንዲጻፍ ተጠየቅን።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያንገላታን ክብ መንገድ ግን ይህ ነው። አበዳሪው የኪራይ ውል አምጡ ይላል፤ ባለ ሕንፃው ብድር ማግኘታችሁን አሳዩኝ ይላል፤ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ተከራይታችሁ፣ አጥሩን አጥራችሁ፣ ሁለት መውጫ በርና የልጆች መጸዳጃ አዘጋጅታችሁ ጥሩኝ ይላል፤ ኪራዩ ግን ውሉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። አንድ ቤት ቆንጆ ሆኖ ዞኑ ለሕፃናት መዋያ ያልተፈቀደ ይሆናል፤ አንዱ የተፈቀደ ሆኖ ልጆች የሚጫወቱበት ደጅ የለውም፤ ሌላው ሁሉ ተሟልቶለት ወላጅ መኪናውን አቁሞ ልጁን የሚያወርድበት ቦታ ይጎድለዋል። በዚህ መካከል ተስፋ ቆርጠው ተቀማጭ ገንዘባቸውን በባዶ ቤት ኪራይ የጨረሱ የአገራችን ሴቶች መኖራቸውን ሰምቻለሁ።

ብድሩ ተፈቀደ፤ ከጠየቅነው ግን አነሰ። የቀረውን እቁቡና ቁጠባችን ሞሉት። ቤቱም የተከፈተው በጨቅሎች ክፍል ሳይሆን በታላላቆቹ ክፍል ሆነ፤ ጨቅሎቹ የሚገቡት ታላላቆቹ ክፍሉን ሲሞሉት ብቻ ነውና። ደብተሩ የተሞላው በጨቅሎች ስም እንደ ሆነ ለምናውቅ ይህ የሚያስተዛዝብ ነው፤ ሆኖም ሒሳቡ ሌላ መንገድ አልሰጠም፤ ለጨቅሎች ተብሎ የተጀመረ መዋያ ጨቅሎችን በር ላይ የሚያቆይበት ሥርዓት ከባለ መዋያዋ ይልቅ የአገሪቱ ሕግ አውጪዎች ሊያፍሩበት የሚገባ ነው።

ይህን ሥራ ለምታስቡ እኅቶች አንድ ልመና አለኝ፦ ዞኑን ከካውንቲው፣ የወለሉን ስፋት ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሳታረጋግጡ፣ ኪራዩም ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ እንደማይቆጠር፣ ፈቃዱ ከተከለከለ ውሉ እንደሚፈርስ የሚገልጽ አንቀጽ ሳይገባበት፣ በማናቸውም የኪራይ ውል ላይ አትፈርሙ። ባለ ሕንፃው ይህን አንቀጽ አልቀበልም ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ።